ቴፑ አልገባም ሲል፣ ገብቶም አልሠራም ሲል

አዲስ የመኪና ቴፕ ገዝቶ ችግር የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቴፑን ነው። ካርቶኑን ይዞ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ሻጩ ጠረጴዛው ላይ በባትሪ ሲሞክረው ቴፑ ቁልጭ ብሎ ይሠራል። ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቴፑም ደህና ነው፣ መኪናውም ደህና ነው። ያልተስማሙት ቀዳዳውና ገመዱ ናቸው።

ዳሽቦርድ ከመንካታችሁ በፊት መኪናውን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቢጫ መሰኪያ ካያችሁ የኤርባግ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት። በቴስተርም (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አትለኩት።

ቴፑ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም፣ ወይም ገብቶ በጎኑ ክፍተት ይቀራል

ምክንያቱ ልክ ነው። ዲን የሚባለው መለኪያ ከጀርመን የመጣ ነው። ነጠላ ዲን ወርዱ 180 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 50 ነው። ደብል ዲን ወርዱ ያው ሆኖ ቁመቱ 100 ይሆናል። እስከዚህ ቀላል ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ቶዮታ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ መንገዱን የሞላው ቶዮታ ነው። የብዙ ቶዮታዎች ቀዳዳ ቁመቱ 100 ሆኖ ወርዱ 200 ሚሊ ሜትር ነው። ዳይሃትሱም እንደዚያው። ተራ ደብል ዲን ስታስገቡበት በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የጎን መሙያ ፕላስቲክ አለ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ያምራል። በካርቶንና በናስትሮ የተደፈነ ቴፕ አይታችሁ ከሆነ ይህን ያልገዛ ሰው መኪና ነው።

ተቃራኒውም ይገጥማል። ለቶዮታ የተሠራውን የ200 ሚሊ ሜትር ቴፕ የአውሮፓ መኪና ውስጥ ልክተተው ካላችሁ አይገባም። መፍትሄው ቴፑን መለወጥ ነው። ሞርዶ ይዞ ዳሽቦርዱን ልሞርደው የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ቴፕ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የተቆረጠ ዳሽቦርድ ግን መኪናውን ስትሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ነገር ነው።

ቀዳዳው ደብል ሆኖ ቴፑ ነጠላ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቀላል ነው። ከታች የሚገባ የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ ያለው ፍሬም ይሸጣል። ነጠላውን ወደ ደብል ለመቀየር ግን ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ኪስ መሆኑን አረጋግጡ። የኤሲ መቆጣጠሪያ ከሆነ እርሱት።

ዘጠኝ ኢንች አንድሮይድ ገዛሁ፣ ፍሬሙ አልገጥም አለ

አሁን በብዛት የሚያጨቃጭቀው ይሄ ነው። ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ኢንች የሚባለው የስክሪኑ ሰያፍ ርዝመት እንጂ የቀዳዳው ልክ አይደለም። የዘጠኝ ኢንች ስክሪን ከቀዳዳው ይበልጣል። ወደ ውስጥ የሚገባው ጀርባው ላይ ያለው ሳጥን ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ከፊት ይቀመጣል። ስለዚህ የመኪናውን ኦሪጅናል ፓኔል አውልቆ በቦታው ለዚያ መኪና ብቻ የተሠራ ፍሬም መግጠም ግድ ነው። የዘጠኝና የአሥር ኢንች ፍሬም ደግሞ አይለዋወጡም።

ፍሬም ስትጠይቁ «የያሪስ» ማለት አይበቃም። ትውልዱን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ሃችባክ ወይስ ሴዳን መሆኑን፣ መሪው በየት በኩል እንደሆነ ተናገሩ። እኛ ቪትዝ እያልን የምንጠራውን ያሪስ ተመልከቱ፦ ከ2005 በኋላ የመጣው ሃችባክና የዚያው ዘመን ሴዳን ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዳሽቦርዳቸው ለየቅል ነው። የአንዱ ፍሬም ለሌላው አይሆንም። መሪው በቀኝ ላለ መኪና የተሠራ ፍሬም ደግሞ ብዙ ጊዜ በመስታወት እንደታየ ሆኖ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት የዳሽቦርዱን ፎቶ ከፊት ለፊት አንሱና የፍሬሙን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። የሃዛርድ ቁልፉ የት ይሄዳል? የኤሲ ንፋስ መውጫው አይሸፈንም? የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ መጀመሪያ ፍሬሙን አግኙ፣ ከዚያ ለፍሬሙ የሚሆን ቴፕ ፈልጉ። ሰዉ ግን የሚገዛው ቴፑን አስቀድሞ ነው። ከዚያ ፍሬም ፍለጋ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሱማሌ ተራን ሲዞር ይውላል።

ግማሽ መንገድ ገብቶ ይቆማል

ወርዱና ቁመቱ ልክ ሆኖ ጥልቀቱ ጎድሏል ማለት ነው። ሲዲ ያለው ቴፕ ጥልቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከጀርባው መሰኪያና ገመድ ስላለ ሌላ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። በኃይል አትግፉት። ከኋላ የኤሲ ቱቦ አለ፤ ገመድ ተቆልምሞ ከተቀጠቀጠ ደግሞ ዛሬ ሳይሆን ከወር በኋላ ሾርት ይፈጥርላችኋል።

ቴፑን አውጡና ገመዱ ከጀርባው እንዳይከመር ወደ ታች ወይም ወደ ጎን፣ ባዶ ወደሆነው ቦታ አሳልፉት። የገመዱን እስር በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ናስትሮ ጠቅልሉት፤ እንዲህ ከሆነ አይንኳኳም። አሁንም ካልገባ ሲዲ የሌለው አጭር ቴፕ ምረጡ። በፍላሽና በብሉቱዝ ለሚያደምጥ ሰው ሲዲው ቦታ ከመብላት በቀር ምንም አይሠራለትም።

የቶዮታ ቴፕ በጎኑ ባሉ ብረቶች በቪቴ ይታሰራል። የድሮዎቹን ብረቶች አትጣሉ፤ ለአዲሱም ያገለግላሉ። ቪቴው አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረትና ስምንት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አጭሩ ይሁን። ረጅም ቪቴ ቆርቆሮውን አልፎ ውስጡ ያለውን ቦርድ ይወጋል። እየሠራ የነበረ ቴፕ ቪቴው ሲጠብቅ ድርግም ካለ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። ኮብልስቶን ላይ ስትነዱ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ደግሞ ከጀርባ ድጋፍ የለውም፤ የኋላ ማሰሪያ ብረቱን ፈልጋችሁ ግጠሙለት።

መኪናው በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና የተቀመጡ ጣቢያዎች ይጠፋሉ

ቴፕ ሁለት ፖዘቲቭ ይፈልጋል። ቢጫው ከባትሪ ሁልጊዜ የሚመጣ ነው፤ ትዝታውን የሚይዘው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ኔጋቲቩ ማለት ነው፣ የመኪናው ብረት ላይ ይታሰራል። ቢጫና ቀይ ከተቀያየሩ ቴፑ ይሠራል፣ ቁልፍ ስታወጡ ግን ሁሉን ይረሳል። ቮልስዋገን ላይ ይሄ የተለመደ ነው፤ በብዙዎቹ የመኪናው መሰኪያ ላይ የሁለቱ ቦታ ከሌሎች መኪኖች የተገለበጠ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ቴፖች ቢጫውና ቀዩ ገመድ መሃል ላይ ነቅለው የሚያቀያይሩት መሰኪያ ያላቸው። ማቀያየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የቴፑ ቀለም ከመኪናው ቀለም ጋር አንድ ነው ብላችሁ ግን አትመኑ። በብዙ ቶዮታዎች የባትሪው ሰማያዊ ባለ ቢጫ መስመር፣ የቁልፉ ግራጫ፣ ማሳው ቡናማ ነው። በቴፑ በኩል ደግሞ ግራጫ ማለት የስፒከር ገመድ ነው። ቀለም ከቀለም ያገናኘ ሰው 12 ቮልት ወደ ስፒከር መውጫው ልኮ ቴፑን ያቃጥላል። በቴስተር ለኩ፦ ቁልፍ ወጥቶም 12 ቮልት የሚያሳየው የቢጫው ነው፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው የቀዩ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ለመኪናው የሚሆን አስማሚ ሶኬት መግዛት ነው። ኦሪጅናሉን ሶኬት ቆርጦ የሚጠመዝዝ ኤሌክትሪሺያን ፈጣን ይመስላል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ግን ይረግመዋል።

ጠዋት መኪናው አይነሳም

እዚህ ደግሞ ሁለቱም ፖዘቲቭ ከባትሪው ጋር ታስረዋል። ስክሪኑ ጠቆረ እንጂ ቴፑ አልጠፋም። ቀዩን ወደ ቁልፍ መስመር መልሱት። ገመዱ ትክክል ሆኖም የሚደክም ከሆነ የአንድሮይድ ቴፖችን የእንቅልፍ አቀማመጥ እዩ። ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ ለቀናት በከፊል ነቅቶ እንዲቆይ የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱን አሳጥሩት። በቴስተር ለመለካት ከፈለጋችሁ መኪናው ቆሞና ተቆልፎ የሚስበው ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ቢሆን ጥሩ ነው።

ሬዲዮው አይስብም

አንቴናው ተሰክቷል? ከሆነ መኪናው የአውሮፓ ነው ወይስ የእስያ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች አንቴናቸው ላይ ማጉያ አለ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በራሱ በአንቴናው ገመድ በኩል ነው። አዲሱ ቴፕ ይህን አይልክም። 12 ቮልት ወደ አንቴናው ገመድ የሚያስገባ አስማሚ ገዝታችሁ ከቴፑ ሰማያዊ ገመድ ጋር አገናኙት። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 እየተንሿሿ ይመጣ ከነበረ ለውጡን ወዲያው ትሰሙታላችሁ።

አንዳንድ ጣቢያዎች ብቻ እንቢ ካሉ ግን አንቴናውን ተዉት። የአንድሮይድ ቴፕ የሬዲዮ ክልል የሚባል ምርጫ አለው። አሜሪካ ላይ ከሆነ የሚዘለው በ0.2 ነው፤ 107.7 ካለ በኋላ የሚሄደው ወደ 107.9 ነው። ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 መሃል ላይ ይቀራል። ክልሉን አውሮፓ አድርጉት።

ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ቴፕ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፤ የእኛ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። አንቴናው ላይ የሚሰካ የሞገድ መቀየሪያ አለ። ይሠራል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም፣ ሁሉንም ጣቢያም አያመጣም፤ ምክንያቱም የቴፑ ስፋት 14 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን የእኛው ከ87.5 እስከ 108 ይዘረጋል። እኔ ብሆን ለእንዲህ ያለው ቴፕ ገንዘብ አላወጣም።

ድምፁ ቀጥኗል፣ ቤዝ የለውም

አንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጧል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ቤዙ ይጠፋፋል። ድምፁን በባላንስ ወደ አንድ ጎን ስታደርጉት ቤዙ ከተመለሰ እሱ ነው። የአንዱን ገመድ ገልብጡ። ለማረጋገጥ ገመዱን ከቴፑ ነቅላችሁ በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ንኩት፤ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲነካ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

የስፒከርን ኔጋቲቭ በፍጹም ማሳ ላይ አትሰሩ። የድሮ ቴፕ ይታገስ ነበር፣ የአሁኑ ራሱን ይዘጋል ወይም ይቃጠላል። ጋዝ ስትረግጡ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ማሳው ደካማ ነው፤ ቀለሙን ፈቅፍቃችሁ ንጹሕ ብረት ላይ እሰሩት።

የመሪው ቁልፎችና የኋላ ካሜራ

የመሪው ቁልፎች ካልሠሩ «ኪይ 1» እና «ኪይ 2» የሚባሉት ገመዶች አልተያያዙም፣ ወይም ቴፑ ቁልፎቹን አልተማረም። ካገናኛችሁ በኋላ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አንድ በአንድ አስተምሩት። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ቴፑ ምልክቱን አግኝቷል፣ ካሜራው ግን ኤሌክትሪክ አላገኘም ወይም የምስሉ ዓይነት ማስተካከያው ላይ ተሳስቷል።

አይሱዙ ላይ ገጠምነው፣ ጭስ ወጣ

ኤንፒአርና ኤፍኤስአር 24 ቮልት ናቸው፤ የቤት መኪና ቴፕ 12 ነው። የተቃጠለው አይመለስም። ለሁለተኛው ቴፕ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ግጠሙ፤ ቴፑ ላይ ያለው ፊውዝ 15 አምፔር ከሆነ መቀየሪያውም ከዚያ አይነስ። ብዙ ሹፌሮች መቀየሪያውን ትተው ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ይወስዳሉ። ቴፑ ይሠራል፣ ግን አንዱ ባትሪ ሲደክም ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። የሁለት ባትሪ ዋጋ ደግሞ ከመቀየሪያው ጋር አይወዳደርም።