ለኦፕን ሶርስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማስኮት ስትመርጡ የሚሰሩ ስህተቶች

የራሱን ዲስትሮ (ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ተመስርቶ የሚዘጋጅ የራስ ቅጂ) ሊያወጣ የተነሳ ሰው ኮዱ ላይ ወራት ይለፋል፣ ማስኮቱን (የፕሮጀክቱ መለያ የሚሆነውን እንስሳ ወይ ገፀ ባህሪ) ግን አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ከኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ምስል ለጥፎ ይገላገላል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሊኑክስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንኳን ያንን ፔንግዊን የሆነ ቦታ አይቶት ያውቃል፣ እና ለብዙ ሰው ከፕሮጀክቱ ጋር የመጀመሪያው ትውውቅ እሱ ነው። ስለዚህ በተደጋጋሚ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልጻፋቸው ብዬ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የሚመጣው ጉልበት ፍለጋ ነው። ንስር፣ ነብር፣ ጥርሱን ያገጠጠ ተኩላ፣ ከዓይኑ እሳት የሚወጣ ምናምን። ሰዉ ሲስተሙ ፈጣን እና ጠንካራ መሆኑን በእንስሳው ሊያሳይ ይፈልጋል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1996 የሊኑክስ ማስኮት ሲታሰብ የጠየቀው ተቃራኒውን ነው፣ በልቶ የጠገበ፣ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ደስ ብሎት ቁጭ ያለ ፔንግዊን። ወፍራም ፔንግዊን ሊኑክስን አይወክልም ያሉ ሰዎችም ነበሩ፣ አልሰማቸውም። (አውስትራሊያ፣ ካንቤራ ውስጥ አንዲት ትንሽዬ ፔንግዊን ነክሳኝ ነበር ብሎም ያወራል፣ ፍቅሩ ከዛ ነው የመጣው ይባላል።) ላሪ ኢዊንግ በዚሁ ሃሳብ ጊምፕ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሳለው፣ ቱክስ ተባለ፣ እስካሁን አለ። እስቲ ተርሚናል ከፍቶ የማያውቅ፣ ኮምፒውተሬን አበላሸዋለሁ ብሎ የሚፈራ ጀማሪ አስቡ፣ እሱ ሰው በሩ ላይ የሚያገኘው ጥርስ ከሆነ ምን ይሰማዋል? ጠግቦ የተቀመጠ እንስሳ ግን እዚህ ቤት ሰላም ነው ይላል። ፍጥነቱን ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ) ላይ አሳዩት፣ ማስኮቱ ስራው ሰው መቀበል ነው።

ሌላው ስዕሉን በዝርዝር ማጨናነቅ ነው፣ እና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ ዲዛይነሮች እራሳቸው የሚወድቁበት ነገር ነው። ትልቅ ስክሪን ላይ ሲታይ ፀጉሩ በየዘለላው፣ ጥላው፣ የዓይኑ ብልጭታ፣ ከኋላው ተራራ፣ ሁሉም ያምራል። ከዛ ማስኮቱ ብሮውዘር ታብ ላይ 16 በ16 ፒክስል ሆኖ ይገባና ጭቃ ይሆናል። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሲነሳ የሚታየውን ቱክስ አይታችሁ ከሆነ (ብዙ ዲስትሮዎች አሁን በራሳቸው የመክፈቻ ምስል ይሸፍኑታል) 80 በ80 ፒክስል ነው፣ 224 ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ እና ለእያንዳንዱ የሲፒዩ ኮር አንድ አንድ ይደረደራል፣ ማሽኑ 8 ኮር ካለው 8 ፔንግዊን ተሰልፎ ታያላችሁ። ከርነሉ ሶርስ ውስጥ ደሞ ባለ 16 ቀለም እና ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ ቱክስም አለ። ሁሉም ላይ ወዲያው ትለዩታላችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ የተያዘው በቅርፁ ነው፣ ነጭ ሆድ፣ ቢጫ መንቁርና ቢጫ እግር፣ በቃ። በተቃራኒው ኔትቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ኦፕን ሶርስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የ1994 ምስሉ ከኮምፒውተር ክምር ላይ ባንዲራ የሚተክሉ ብዙ ትንንሽ ቀንዳም ፍጡሮችን የሚያሳይ ነበር፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የኢዎ ጂማ ፎቶን ተከትሎ የተሳለ። ስዕል ሆኖ ሲታይ ሃሳብ አለው፣ ግን ትንሽ ቦታ ላይ ምንም አይለይም፣ በዛ ላይ የጦርነት ትዝታ ይዞ ይመጣል። በ2004 ፕሮጀክቱ ትቶት ወደ አንድ ቀላል ብርቱካናማ ባንዲራ ዞረ።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ስዕሉን በአንድ ቀለም ብቻ አውጡት። ስክሪን ፕሪንት የሚሰራ ቤት ሄዳችሁ ቲሸርት ብታሳትሙ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስክሪን ነው የሚዘጋጀው፣ ሰባት ቀለም ያለው ማስኮት ለትንሽ ኮሚኒቲ ወጪው አይቀመስም። እና ደሞ አንድ ሰው ካየው በኋላ ዘግታችሁበት በእስክሪብቶ እንዲስለው ጠይቁት፣ አስቀያሚም ይሁን፣ ግን እሱ መሆኑ ከታወቀ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትልቁ ስህተት የስዕሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መጀመር ነው። ኮዱን ጂፒኤል (ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲቀይረው የሚፈቅድ ላይሰንስ) አድርገው፣ ላይሰንስ ፋይሉን አስተካክለው፣ ማስኮቱን ግን ከጎግል ኢሜጅ ያወጡ ፕሮጀክቶች አሉ! ወይ ደሞ አንድ ጓደኛ በነፃ ይስልላቸዋል፣ ምንም አይጻፍም፣ ከዓመታት በኋላ ልጁ ከቡድኑ ሲለይ ስዕሉ የማን እንደሆነ ማንም መመለስ አይችልም። ኦፕን ሶርስ ማለት ሌላው ሰው ወስዶ እንዲያሻሽለው መፍቀድ ከሆነ ማስኮቱም እንደዛው መሆን አለበት። ላሪ ኢዊንግ ለቱክስ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አጭር ነው፣ ተጠቀሙበት፣ ቀይሩት፣ ብቻ ማን ሰራው ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ እኔንና ጊምፕን ጥቀሱ። በቃ ይሄ ነው። በዚህ ምክንያት ነው ቱክስ ካፖርት ለብሶ፣ ጊታር ይዞ፣ ጋሻ አንግቦ በየቦታው የምናገኘው፣ ሰዉ ሳይፈራ ስለሳለው። የአንድሮይድ አረንጓዴ ሮቦትም እንደዛ ነው፣ በ2007 አይሪና ብሎክ ጎግል ውስጥ እያለች ሰራችው፣ ጎግልም በክሪኤቲቭ ኮመንስ አትሪቢውሽን ላይሰንስ ለቀቀው፣ ይኸው ስልክ ጠጋኝ ሱቅ በር ላይ ሳይቀር በየሰዉ እጅ ተቀይሮ ተስሎ ይገኛል። የቢኤስዲ (ከዩኒክስ የመጡ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ቤተሰብ) ቀይ ቀንዳም ማስኮት ቢስቲ ግን የቅጂ መብቱ በማርሻል ከርክ ማኩሲክ እጅ ነው ያለው፣ በአንድ ሰው። ሰውየው ለአጠቃቀም ፈቃድ ይሰጣል፣ ግን ፕሮጀክት ሁሉ ወደ አንድ ግለሰብ ሄዶ መጠየቁ እራሱ ሸክም ነው።

እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። ሰዓሊው በጽሑፍ ላይሰንሱን ይስጣችሁ፣ ያ ጽሑፍ ከስዕሉ ጋር እዛው ሪፖዚተሪው (የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ ይቀመጥ፣ ስሙም ይጻፍለት፣ እና ፒኤንጂ (ያለቀለት ምስል) ብቻ ሳይሆን ኤስቪጂ (ሌላው ሰው ከፍቶ ሊያስተካክለው የሚችል) ኦሪጅናሉን ተቀበሉ። ፒኤንጂ ብቻ የሰጣችሁ ሰው ሶርስ ኮዱን ደብቆ ባይነሪውን (ያለቀለትን ፕሮግራም) ብቻ እንደሰጣችሁ ቁጠሩት። እና እባካችሁ ለሰዓሊው ከቻላችሁ ክፈሉት።

ማስኮትና ሎጎን አንድ ማድረግም ብዙዎችን ያስቸግራል። ሎጎ በደብዳቤ ራስጌ ላይ፣ በስፖንሰር ባነር ላይ የሚቀመጥ፣ የማይነካ ነገር ነው። ማስኮት ደሞ ሰው እንዲጫወትበት፣ ልብስ እንዲቀይርለት ነው። ፍሪቢኤስዲ ይሄን በ2005 ለይቶታል፣ የሎጎ ውድድር አውጥቶ ሁለት ቀንድ ያላት ቀይ ኳስ መረጠ፣ ቢስቲ ደሞ ማስኮት ሆኖ ቀረ። ዴቢያን የሚባለው ዲስትሮም ቢሆን ማንም የሚጠቀምበትን ሎጎ እና ለፕሮጀክቱ ብቻ የተያዘውን ለያይቶ ነው የያዘው።

ድምፅ አሰጣጥ ላይም አንድ ነገር ልበል፣ አጭር ናት። መቶ ሰው ድምፅ ሲሰጥ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠላው ነው፣ አንድ ሰው እንኳን ከልቡ የሚወደው ላይሆን ይችላል። ቱክስ እራሱ ለሊኑክስ ሎጎ የተደረጉትን ውድድሮች አላሸነፈም። አስተያየት ሰብስቡ፣ ግን ሁለት ሦስት ሰው ይወስን።

ቀጥሎ፣ ሌላው ሰው ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል አለማሰብ። ቢስቲ የመጣው በዩኒክስ ከጀርባ ሆነው ከሚሰሩት ዲመን ከሚባሉት ፕሮግራሞች ነው፣ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ምንም ክፋት የለውም። ግን እኛ አገር ቀይ ቆዳ፣ ቀንድና ሹካ ያለበት ስቲከር ላፕቶፕ ላይ ለጥፋችሁ ቤት ስትገቡ እማማ የሚሉትን አስቡት። እውነት ለመናገር ቢስቲን እወደዋለሁ፣ ታሪክ አለው፣ ስሙን ገንብቷል። አዲስ ፕሮጀክት ግን ያን የመሰለ ታሪክ ስለሌለው ሲጀምር ጀምሮ ማስተባበያ ውስጥ መግባት የለበትም። ከተለያየ ሃይማኖትና አገር ለሆኑ ሰዎች አሳዩትና ምንም ሳታስረዱ ምን ታየህ፣ ምን ታየሽ ብላችሁ ጠይቁ።

የተያዘ ነገር መምረጥ ደሞ በተለይ የኛ ልጆች ችግር ነው። አገርኛ ይሁን ሲባል ወዲያው ዋልያ ወይ አንበሳ ይመጣል። ዋልያ ብሔራዊ ቡድናችን ነው፣ ቢራም አለ። አንበሳ አውቶቡስ ነው፣ ጫማ ነው፣ ባንክ ነው። ኒያላም ኢንሹራንስ አለው። ሰው ስማችሁን ሲፈልግ እናንተን አያገኝም፣ ከንግድ ምልክት ጋርም ልትጋጩ ትችላላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ጭላዳን አስቡ። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለም፣ ሰሜን ተራሮች ላይና መንዝ ጓሳ ላይ ቁጭ ብሎ ሳር ሲግጥ ነው የሚውለው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ደሞ በትንሽ ፒክስል እንኳን ይለያል። መጀመሪያ ግን ማን እንደያዘው ፈልጉ፣ የንግድ ምልክት መዝገብም አጣሩ፣ ስሙን በአማርኛም በላቲንም።

መጨረሻ ላይ፣ በየሪሊዙ (አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር) ማስኮት መቀያየር። የኦፕንቢኤስዲው ፓፊ እሾሃም አሳ ነው፣ ሲነኩት ይነፋል፣ ለሴኪዩሪቲ ለሚጨነቅ ሲስተም ልክ ነው፣ ብሎውፊሽ ከሚባለው የኢንክሪፕሽን (መረጃ መቆለፊያ) ዘዴም ጋር ይያያዛል። ሪሊዝ በየስድስት ወሩ ገደማ ይወጣል፣ ፓፊም በየጊዜው ሌላ ልብስና ሌላ ታሪክ ውስጥ ይገባል፣ አሳው ግን ያው አሳው ነው። ለውጥ ካማራችሁ እንደዛ አድርጉ። ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ከሆነ ምክንያት ይኑረው፣ ሊኑክስ ከርነል 2.6.29 በ2009 ሲወጣ ቱክስ ቦታውን ለቱዝ ለቆ ነበር፣ የውሸት የፔንግዊን መንቁር ያሰረ የታዝማኒያ ዴቭል፣ ፊቱ ላይ በሚወጣ ካንሰር እያለቀ ያለውን እንስሳ ሰዉ እንዲያውቀው ተብሎ። ለዛች አንድ ቨርዥን ብቻ ነበር፣ 2.6.30 ላይ ቱክስ ተመለሰ።