የዲዛይን ሥራ ከክፍል ውጭ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

ዲዛይን ትማራላችሁ እንበል። ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር ለምዳችኋል። መምህሩ ያዘዘውን ፖስተር ሠርታችሁ ጥሩ ውጤት አግኝታችኋል። ግን አንድ ዲዛይነር ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቶ እስከ ማታ ምን ሲያደርግ እንደሚውል ብትጠየቁ መልሱ ይጠፋችኋል። አይገርምም። ክፍል ውስጥ የሚታየው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ሥራው ግን ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ይጀምራል፣ ከተዘጋም በኋላ ይቀጥላል። ደንበኛ አለ፣ ዋጋ አለ፣ ማስተካከያ አለ፣ ህትመት አለ፣ ርክክብ አለ።

ይህን ለማየት የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ደሴ ላይ ደንበኛው፣ ዲዛይነሩና አታሚው ብዙ ጊዜ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። አንድን ሥራ ከትዕዛዙ እስከ ርክክቡ ሳይቋረጥ መከታተል ይቻላል። ትልቅ ከተማ ላይ ይህ ዕድል በቀላሉ አይገኝም። ፋብሪካ ማየት ለፈለገ ደግሞ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ብዙ ሥራ በጨረፍታ ከማየት አንድ ሥራ ከዳር እስከ ዳር እዩ። እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

1. ቤት ካለው ካርቶን ጀምሩ

የመድኃኒት ወይም የሻይ ቅጠል ካርቶን ፈልጉ። በሙጫ የተጣበቀውን ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት። ካርቶኑ ሲዘጋ በማይታየው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ ክቦች ወይም አራት ማዕዘኖች ታገኛላችሁ። እያንዳንዳቸው አንድ የህትመት ቀለም ናቸው፦ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። አምስተኛ ቀለም ካለ ለዚያ ምርት ተለይቶ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ ድርጅቱ የአርማው ቀለም በየህትመቱ እንዳይለዋወጥበት ብሎ ተጨማሪ ከፍሎበታል ማለት ነው።

አሁን የአገልግሎት ጊዜው የተጻፈበትን ቦታ እዩ። ቁጥሩ ከሌላው ጽሑፍ ይለያል፤ አንዳንዴም ጠመም ይላል። ካርቶኑ አስቀድሞ ታትሞ፣ ቀኑ በኋላ ምርቱ ሲታሸግ ስለሚመታበት ነው። ዲዛይነሩ ያንን ቦታ ባዶ መተው ነበረበት። ይህን ማን ነገረው? ጽሑፉን ማን ሰጠው? ማን አይቶ «ይሁን» አለ? ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ጻፏቸው። ወደሚቀጥለው ቦታ ይዛችኋቸው ትሄዳላችሁ።

2. ማተሚያ ቤት ገብታችሁ ለመቀመጥ ጠይቁ

ፒያሳም ሆነ ሰፈራችሁ ውስጥ ዲዛይን የሚሠራበትና የሚታተምበት አንድ ቤት ምረጡ። ከኮሌጃችሁ ወይም ከዩኒቨርሲቲያችሁ ማህተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ብትይዙ ጥሩ ነው። ትንሽ ቤት ላይ ግን ከደብዳቤው ይልቅ አነጋገራችሁ ይበልጣል። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

«ጋሼ፣ የዲዛይን ተማሪ ነኝ። ቅጠሩኝ ብዬ አይደለም የመጣሁት። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣሁ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልይ። የሚታጠፍ፣ የሚቆጠር፣ የሚታሸግ ካለ አግዛለሁ።»

ጊዜውን ምረጡ። ጥር የሰርግ ካርድ ነው። ሰኔና ሐምሌ የምረቃ መጽሔት፣ ባነርና ቲሸርት ነው። ያኔ ሰው ይፈለጋል፣ ግን ማንም ቆሞ አያስረዳችሁም። ኅዳር ላይ ግቡ። ግርግሩ ሲመጣ ቤቱን ለምዳችሁ ትጠብቁታላችሁ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። የደንበኛን ሥራ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ ቴሌግራም ላይም አትለጥፉ። ስለ ዋጋ ከደንበኛ ጋር አታውሩ። ዲዛይነሩ ሲሳሳት ብታዩ ደንበኛው ከወጣ በኋላ ንገሩት።

3. ኮምፒውተሩን ትታችሁ ንግግሩን ተከታተሉ

ተማሪ ማተሚያ ቤት ሲቀመጥ ዓይኑ ቀጥታ ወደ ስክሪኑ ነው የሚሄደው። የትኛውን ቁልፍ ነካ? የትኛውን ኢፌክት ተጠቀመ? ይሄ ዩቲዩብ ላይም ይገኛል። እናንተ ዲዛይነሩ ከደንበኛው ጋር የሚያወራውን ስሙ።

የሰርግ ካርድ ለማዘዝ አንዲት የሙሽራ እህት ገባች እንበል። ጽሑፉን በወረቀት ይዛለች። ልምድ ያለው ዲዛይነር መጀመሪያ ስሞቹን ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ይጠይቃል፦ «እህቴ፣ ኃይሉ በየትኛው ሀ ነው? ፀሐይ በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ?» ለአንባቢ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። ለአባትየው ግን ስሙ ነው። ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ ያወጣል፤ የተጻፈው ቀን በእርግጥ እሑድ ይውላል? ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው? ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የፈረንጁ ቀንስ ይጨመር? ናሙናው ሲወጣ ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ከራሱ ከናሙናው እያየ ይደውላል። ከጠራና ትክክለኛው ሰው ካነሳ ቁጥሩ ትክክል ነው።

በመጨረሻ ናሙናውን ለደንበኛዋ ይሰጥና «ይታተም» ብላ ቀን ጽፋ እንድትፈርምበት ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ይህን ፊርማ ልብ በሉልኝ። 500 ካርድ ከታተመ በኋላ ስህተት ቢገኝ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም የሚወስነው እሱ ነው። ጥሩ ቤት ያለ ፊርማ ማሽን አያስነሳም። ክፍል ውስጥ ግን ይህን ብዙ ጊዜ አንማረውም፤ መምህሩ ራሱ ደንበኛ ስለሆነና ስህተቱም ገንዘብ ስለማያስከፍል።

ቀጥሎ ፋይሉ ወደ ማሽን ሲላክ ተመልከቱ። ለአማርኛ ሥራ ትልቁ ጣጣ ፎንት ነው። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ተበታትኖ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያሉት ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት መለያ የሚጠቀሙ) ፎንቶች እንዲህ አያደርጉም። ፎንቱ ቢጠፋም ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ይቀራል፤ መልኩና መስመሩ ግን ይዛባል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለት ፋይል ያስቀምጣል። አንዱ ጽሑፉ የሚታረም፣ ሌላው ጽሑፉ ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፊደሉ ወደ ቅርጽ፣ ተቀይሮ ለህትመት የሚላክ። አውትላይን የሆነ ጽሑፍ መልሶ አይታረምም። ሁለቱን ለያይታችሁ ስም መስጠትን ዛሬውኑ ልመዱ።

ሌላውን ማሽኑ አጠገብ ስትቆሙ ታገኙታላችሁ። በአርጂቢ (በስክሪን የቀለም አሠራር) የተሠራ ደማቅ አረንጓዴ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች) ሲቀየር ይደበዝዛል። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ሥራ ፎቶው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፤ ከሩቅ ለሚታይ ባነር ከዚያ ያነሰ ይበቃል። በመቁረጫው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር እንዳይቀር በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር የሚያልፍ ትርፍ ህትመት) ይተዋል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ብዙ ጊዜ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ዋጋውን የሚያወዳድረው ሰውና ሥራውን አይቶ የሚያጸድቀው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሥራው ለምን ሳምንት እንደሚቆም የምትረዱት ይህን ስታዩ ነው።

4. አንድ ቀን ኮምቦልቻ ውረዱ

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሌላ ዓይነት ዲዛይን ታገኛላችሁ። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። እዚህ ግን ሰተት ብሎ መግባት የለም። ደብዳቤው የግድ ነው፤ መልስም ቀናት ሊወስድ ይችላል። ፋብሪካው ባይፈቅድ እዚያ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙት። ከእሱም ብዙ ይገኛል።

ስለ ጨርቅ ህትመት ስትጠይቁ ሁለት ነገር አንሱ። አንዱ የቀለም ብዛት ነው። በስክሪን ህትመት (ቀለሙ በወንፊት መሰል ስክሪን አልፎ ጨርቁ ላይ በሚያርፍበት) እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ይፈልጋል። ስድስት ቀለም የተጠቀመ ንድፍ ስድስት ስክሪን ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሌላው ድግግሞሹ ነው። በሚሽከረከር ስክሪን ሲታተም ንድፉ የሲሊንደሩን ዙሪያ ጠብቆ መደጋገም አለበት። በሰፊው የሚታወቀው መጠን 64 ሴንቲ ሜትር ነው። አበባ መሳል የሚችል ብዙ ነው፤ አበባው ከላይኛው ጫፍ ወጥቶ በታችኛው ጫፍ መገጣጠሚያው ሳያስታውቅ እንዲቀጥል ማድረግ ግን ሙያ ነው።

ልብስ ስፌት ላይ ያለውም እንዲሁ ያስተምራል። ለውጭ ገዢ በሚሰፋ ልብስ ንድፉ ባብዛኛው ከገዢው ነው የሚመጣው። እዚህ ያለው ባለሙያ ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን ልክ) ያወጣል፣ ናሙና ያሰፋል፣ ጨርቅ እንዳይባክን ቆረጣውን ያቅዳል። ይህን «ዲዛይን አይደለም» ብላችሁ እንዳትንቁት። ገዢው የሚልከውን የቴክፓክ (የልብሱ ዝርዝር መመሪያ) ገጽ ካሳዩአችሁ በደንብ እዩት። የኪሱ ርቀት፣ የስፌቱ ዓይነት፣ የቁልፉ ቁጥር ሁሉ ተጽፏል። አገር ለአገር ተራርቀው ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በዚያ ገጽ ነው የሚግባቡት።

5. ባለሙያ ስታነጋግሩ ስለ መጨረሻው ሥራው ጠይቁ

«ሥራ እንዴት ነው?» ካላችሁ «ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ትባላላችሁ። ጥያቄውን አጥብቡት። «መጨረሻ ያስረከቡት ሥራ ምን ነበር? ደንበኛው ሲመጣ ምን ብሎ ነበር የጠየቀው? ስንት ጊዜ ተስተካከለ? ገንዘቡ መቼ ተከፈለ?» ሰው ስለ አንድ የተወሰነ ሥራ ሲያወራ እውነቱ ሳይታወቀው ይወጣል።

ግራፊክ ዲዛይነር ብቻ አትፈልጉ። ታፔላ በእጁ የሚጽፍ ሰዓሊ፣ የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ፣ ሁሉም ከደንበኛ ጋር የሚደራደሩ የፈጠራ ባለሙያዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ስትጽፉ መልእክቱ አጭር ይሁን፤ ማን እንደሆናችሁና ሁለት ጥያቄ ብቻ። መልስ ሲመጣ አመስግኑ፤ ምክሩን ከሞከራችሁ በኋላ ምን እንደሆነ ጻፉለት። በዚህ የተጀመረ ትውውቅ ብዙ ይዘልቃል።

6. አንድ ሥራ በሙሉ ሂደቱ ሥሩ

ሰፈራችሁ ያለ ጁስ ቤት ወይም ዳቦ ቤት በቂ ነው። ከመሳላችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፦ ማን ያየዋል፣ የት ይሰቀላል፣ በስንት ይታተማል፣ መቼ ይፈለጋል፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው። የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘሉ። ባለቤቱ ወዶት ሳለ ወንድሙ መጥቶ ሁሉንም የሚያስቀይርበት ጊዜ አለ።

ዋጋ ስታወጡ የዲዛይኑንና የህትመቱን ለዩ። ተደባልቀው ሲነገሩ ደንበኛው ህትመቱን ብቻ ያያል፤ የእናንተ ድካም ነጻ ይሆናል። ቀብድ ተቀበሉ፤ ግማሹን መጠየቅ ነውር አይደለም። ማስተካከያው ስንት ጊዜ እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ለዘመድም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። ዋጋውን መቀነስ ትችላላችሁ፣ ስምምነቱን ግን አትተዉት።

የባለቤትነቱንም ነገር አንሱ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ የአዛዡ ነው። ስለዚህ «ሥራውን በፖርትፎሊዮዬ (በሥራዎቼ ማሳያ ስብስብ) ላይ ማሳየት እችላለሁ» የምትል አንዲት መስመር ከመጀመሪያው ስምምነቱ ላይ አስገቡ።

7. ፖርትፎሊዮው ሂደቱን ያሳይ

ሃያ ያማረ ምስል ከመደርደር ሦስት ሥራ በደንብ ማሳየት ይሻላል። ለእያንዳንዱ የደንበኛውን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ተቀባይነት ያጣውን ንድፍና የቀረበትን ምክንያት፣ የተፈረመበትን ናሙና፣ በመጨረሻም ቦታው ላይ ተሰቅሎ የተነሳውን ፎቶ አስገቡ። ሥራው የጋራ ከሆነ የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ከዚያ ለተቀመጣችሁበት ማተሚያ ቤት ዲዛይነር አሳዩት። ፖርትፎሊዮውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ፋይል ጭምር ክፈቱለት፤ ሌየሮቹን፣ ብሊዱን፣ ፎንቱን ይይላችሁ። «ያለ ምንም ማስተካከያ ሊታተም ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ «አይሆንም» ያለበትን ቦታ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አርሙት።