የግሪክን የተራራ መንደር ከአደባባዩ ጀምሮ እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ግሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባሕርና ነጭ ቤት ነው። እኔ ግን ሁለት ትርፍ ቀን ያለው ሰው ወደ ፔሊዮን ተራራ ይውጣ ባይ ነኝ። ፔሊዮን ከቮሎስ ከተማ በላይ ጫካ ለብሶ የቆመ ተራራ ነው። ጫፉ 1,624 ሜትር ይደርሳል። መንደሮቹ ዳገቱ ላይ ተበታትነዋል፤ ሕይወታቸው ግን ፕላቲያ በሚሉት አደባባይ ላይ ይሰበሰባል።

መጀመሪያ መንገዱ። ከአቴንስ እስከ ቮሎስ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኬቴል የሚባለው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ያደርሳችኋል። ከቮሎስ ከፔሊዮን መንደሮች አንዷ ወደሆነችው ማክሪኒጻ ሌላ አውቶቡስ ያዙ። የመመለሻውን ሰዓት ግን ሳትሳፈሩ ጠይቁ። በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁ መንደሩ መግቢያ ላይ አቁማችሁ በእግር ግቡ። ውስጡ ካልደሪሚ የሚሉት የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ክፉኛ ያንሸራትታል። ጫማችሁ ሶሉ ያላለቀ ይሁን። ክረምታቸው በረዶ ስላለው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግንቦት ወይም ጥቅምት ይሻላል።

አደባባዩ ጋ ስትደርሱ ካሜራውን ለጊዜው ተዉትና ቁጭ በሉ። ፕላታኖስ የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች እኛ አገር የዋርካ ጥላ የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ፤ ሽማግሌው፣ እንግዳው፣ ወሬው ሁሉ እነሱ ሥር ነው። ቁልቁል ቮሎስና ባሕረ ሰላጤው ይታያሉ። ማክሪኒጻን «የፔሊዮን በረንዳ» የሚሏት ለዚህ ነው።

ከዚያ ቡና እዘዙ። «ኤሊኒኮ» በሉ፤ የግሪክ ቡና ማለት ነው። ያለ ስኳር ከሆነ «ስኬቶ»፣ መካከለኛ «ሜትሪዮ»፣ ጣፋጭ «ግሊኮ» ነው። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ዝቃጩ ስኒው ሥር ይቀራል፤ እስከ መጨረሻው አትጨልጡት። በአንድ ስኒ ረጅም ሰዓት ብትቀመጡ የሚያስነሳችሁ የለም። እዚያው አደባባዩ አካባቢ ባለ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ቴዎፊሎስ የሚባለው ሰዓሊ የሳለው ሥዕል አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ያረፈው ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ለዕለት ምግቡ ብቻ ይሥል ነበር። ሥዕሉን ሳታዩ አትውጡ።

ቀጥሎ አጠገቡ ወዳለችው ትንሿ የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጎራ በሉ። ለኛ ሰው የሚገርመው ጫማ አለመወለቁ ነው። መግቢያው ላይ ሳንቲም ጥላችሁ ጧፍ አብሩና አሸዋው ላይ ትከሉ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን።

ምሳ ላይ ስፔዞፋይ ይመጣል፤ ቋሊማ በቃሪያና በቲማቲም የተሠራ የአካባቢው ምግብ ነው። ቋሊማው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ስለሆነ ጠይቁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ «ኒስቲሲማ» የምትለዋን ቃል ያዙ፤ የጾም ምግብ ማለት ናት፤ ኦርቶዶክሶች ስለሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል። ፋሶላዳ የሚሉት የነጭ ቦሎቄ ሾርባና የተቀቀለው ቅጠል በጣም ይጣፍጣሉ። ከምሳ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ9 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ፣ መንደሩ ያርፋል። ያኔ ሰው በር ሥር ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነው።

በማግስቱ በተራራው ማዶ፣ ወደ ኤጌ ባሕር ፊቷን ወዳዞረችው ጻጋራዳ መንደር ሂዱ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና የሚያማው ሰው ፊት ወንበር ይያዝ። ጻጋራዳ አራት ሰፈር፣ አራት አደባባይ አላት። ከአያ ፓራስኬቪ ጀምሩ። እዚያ ያለው ፕላታኖስ ከሺህ ዓመት በላይ እንደቆየ ይነገራል፤ ብዙ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው ግንዱን የሚከበው። ወደሚቀጥለው አደባባይ በመኪና ሳይሆን በካልደሪሚው በእግር ውረዱ። አራቱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ሁለቱ ይበቃሉ።