ለክፍሎች ሁሉ የሚስማማ ቀለም ከአንድ ቀለም ማውጣት

ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ለየብቻ ያማረ ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ሲከፈት ግን ሁለቱ የማይስማሙበት ቤት ብዙ ነው። መፍትሔው ለሳሎኑ የመረጡትን ቀለም ከዚያው ዓይነት ነጭ ጋር በተለያየ መጠን ደባልቆ ለሌሎቹ ክፍሎች መጠቀም ነው፤ ለምሳሌ ለኮሪደሩ እኩል በእኩል፣ ለጠባቡ መኝታ ቤት ደግሞ 1 እጅ ቀለም በ3 እጅ ነጭ። ሁሉም ከአንድ ቀለም ስለሚወጡ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ከሚያደላ ግራጫ ጋር ፊት ለፊት አይገጥምም። አስቀድመው ሰፊ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀብተው፣ ሲደርቅ ከመጋረጃውና ከሶፋው አጠገብ በቀንም በአምፖል ብርሃንም ይመልከቱት። ለአንድ ክፍል የሚበቃውን በአንድ ባልዲ በአንድ ጊዜ ይበጥብጡ፤ ሲጎድል ተበጥብጦ የተጨመረው በግድግዳው መሐል ተለይቶ ይታያል። የውሃ ቀለምን ከዘይት ቀለም ጋር ግን በፍጹም አይደባልቁ።