ከጥገና በኋላ የሚፈስ ኩላንት፦ ምንጩን ማግኘትና ሥራውን በትክክል ማስተካከል

ራዲያተሩ የተቀየረለት፣ የውሃ ፓምፑ አዲስ የሆነለት ወይም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተከፍቶ የተገጠመለት መኪና ከጋራዥ በወጣ ማግስት ከሥሩ ፈሳሽ ሲያንጠባጥብ፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ የጎደለውን እየሞላ መንዳቱን ይቀጥላል፣ ወይም ያገኘውን ፋሼታ (የጎማ ቧንቧ ማሰሪያ ቀለበት) ሁሉ በካቻቪቴ ማጥበቅ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሞተሩን ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የፍሳሹን ምንጭና የስህተቱን ማስረጃ አንድ ላይ ያጠፋል። ከጥገና በኋላ የሚመጣ ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ በአንድ ነገር ይሻላል፤ የሰው እጅ የትኞቹን ክፍሎች እንደነካ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ አንድም ብሎን ሳይጠብቅ፣ ሞተሩም ሳይታጠብ፣ የተነካው ቦታ በሙሉ በዓይን መታየት አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን መኪናው ይቁም። ብዙ ሰው ኩላንት፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ የሚሠራው በግፊት ሥር መሆኑን አያስተውልም። እኩል የተደባለቀ ኩላንትና ውሃ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ በ107 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን 1 ባር ያህል ግፊት ሲይዝለት ግን የመፍያው ነጥብ ወደ 130 ዲግሪ ይጠጋል። ፍሳሹ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ይህን ግፊት ስለሚያባክነው፣ ገና ብዙ ፈሳሽ ሳይጎድል በቴስታታው ውስጥ ባሉት በጣም ሞቃት ቦታዎች ላይ መፍላት ሊጀምር ይችላል። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሀል ላይ መቆሙም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም፤ የሙቀት ሴንሰሩ በትክክል የሚለካው ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ነውና፣ ደረጃው ወርዶ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

በመንገድ ላይ ሳለ ሙቀቱ ከጨመረ የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፣ የካቢን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት፣ ደኅና ቦታ እንደተገኘም ወዲያውኑ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። የላይኛው ማኒኮቶ (ኩላንት የሚያልፍበት የጎማ ቧንቧ) ቀዝቅዞ በእጅ ሲጨበጥ ልስልስ እስኪል ድረስ ክዳኑ በምንም ምክንያት አይከፈት፤ በግፊት የታመቀ ትኩስ ፈሳሽ ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ወይም ሊያጣምመው ስለሚችል መታገሥ ግድ ነው።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚመለሰው ጥያቄ የሚንጠባጠበው በእርግጥ ኩላንት ነው ወይ የሚለው ነው። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚወርደው ጠል ንጹሕ፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ውሃ ሲሆን ምንም ችግር የለበትም። ኩላንት ግን ቀለም አለው፤ በጣት መሀል ሲሻሽ ያሙለጨልጫል፣ ጣፋጭ ሽታም ይሰጣል። በቅምሻ ለመለየት ከቶ መሞከር አይገባም፤ በአብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑም ሕፃናትንና እንስሳትን ይስባልና መሬት ላይ የፈሰሰው ሳይዘገይ መጠረግ አለበት። መኪናው ለሌሊት ሲቆም ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ቢዘረጋ፣ ጠዋት ጠብታው ያረፈበት ቦታ ከላይ የትኛውን ክፍል ማየት እንደሚገባ ይጠቁማል። ሆኖም ፈሳሽ በብረት ላይ እየተንሸራተተ ሩቅ ሊሄድ ስለሚችል፣ የእርጥበቱ ከፍተኛ ጫፍ እንጂ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ምንጭ ነው ተብሎ አይወሰድም።

አንድ የሚያሳስት ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ሲስተም ተራግፎ እንደገና ሲሞላ ውስጡ አየር ይቀራል፤ ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ሞቆ ሲቀዘቅዝ አየሩ እየወጣ በሪዘርቭ ታንኩ (ትርፍ ኩላንት በሚይዘው ዕቃ) ውስጥ ያለው ደረጃ በጥቂቱ ይወርዳል፣ ከዚያም ይቆማል። ይህ ፍሳሽ አይደለም። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ ግን፣ መሬት ላይ ጠብታ ባይታይም፣ ፈሳሹ በአንድ ቦታ እየወጣ ነው።

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት የፈሰሰው ቦታ፣ የሪዘርቭ ታንኩ ደረጃና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በስልክ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ የጥገናው ደረሰኝም ይፈለግ። ደረሰኙ ላይ የተጻፉት የዕቃዎች ዝርዝር ፍለጋውን የሚመራ ካርታ ነው፤ ምክንያቱም አንድን ክፍል ለማውጣት ሌሎች ሦስትና አራት ነገሮች መፈታት አለባቸው፣ የሚፈሰውም ብዙ ጊዜ ከተቀየረው ዕቃ ሳይሆን ወደ እርሱ ለመድረስ ሲባል ከተፈታው ነው።

የተነኩት ቦታዎች

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ማኒኮቶና ፋሼታ ላይ ይገኛል። ማኒኮቶው የሚለብሰው አንገት ጫፉ አካባቢ ከፍ ያለ ቀለበት አለው፤ ፋሼታው ከዚህ ቀለበት አልፎ ወደ ውስጥ መቀመጥ ሲገባው ቀለበቱ ላይ ወይም ማኒኮቶው ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ፣ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ግፊት ሲመጣ ያንጠባጥባል። ብዙ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሞላ (ስፕሪንግ) ፋሼታ ይኖራቸዋል፤ ይህ ዓይነቱ ጎማው በሙቀት ሲያብጥና በቅዝቃዜ ሲሟሽሽ አብሮ እየተከተለ ይይዘዋል። በምትኩ የብሎን ፋሼታ ሲገባ መጀመሪያ በደንብ የጠበቀ ይመስላል፣ ነገር ግን ከልክ በላይ ከተጠበቀ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ አንገቱ ፕላስቲክ ከሆነም ይሰነጥቀዋል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ እያንጠባጠበ ሲሞቅ የሚቆም ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ መጋጠሚያ የሚመጣ ነው። አንገቱ ላይ ዝገት ወይም የአሮጌ ጎማ ቅሪት ሳይጸዳ አዲስ ማኒኮቶ ከለበሰም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

የውሃ ፓምፑ ከተቀየረ ሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው ፓምፑ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ፊት ነው፤ አሮጌው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መሀል የሚገባ ማሸጊያ) ተፍቆ ሳያልቅ አዲሱ ከተጫነበት፣ ብሎኖቹም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ሳይሆን በአንድ ወገን ከጠበቁ ፈሳሹ በዚያ ይወጣል። ሁለተኛው በፓምፑ አካል ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ የሚወርድ ፈሳሽ የውስጡ «ሲል» (ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚከላከለው ማሸጊያ) እንዳልያዘ ያመለክታል። አዲስ ፓምፕ «ሲል» የተባለው ማሸጊያው እስኪለማመድ ጥቂት ጠብታ ሊያሳይ ይችላል፤ የማያቋርጥ ከሆነ ግን ፓምፑ ራሱ ብልሽት አለበት። ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ በሚያቀናጀው ቀበቶ) የሚዞር ከሆነ ጉዳዩ ለነገ አይባልም። ኩላንት የነካው ቺንጋ ዕድሜው ያጥራል፤ በብዙ ሞተሮችም ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ሞተሩ ይበላሻል።

ሲሊኮንን በሚመለከት ጥብቅ መሆን እወዳለሁ። ሲሊኮን በአምራቹ መመሪያ የታዘዘበት ቦታ አለ፤ ደርቆ እንዲገጠም በተሠራ ጓርኒሲዮን ወይም ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ላይ ሲለቀለቅ ግን መጋጠሚያውን ያንሸራትተዋል፣ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍም ተቆርጦ በፈሳሹ እየተወሰደ የራዲያተሩንና የካቢን ማሞቂያውን ጠባብ መተላለፊያዎች ይደፍናል። ከመጋጠሚያው ዙሪያ ወፍራም ሲሊኮን ተርፎ ከታየ፣ ከውስጥም ያው መጠን እንዳለ መገመት ይቻላል።

ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ተገልብጦ ሲገባ የሚታየው ምልክት ፍሳሽ መስሎ ያሳስታል። በአብዛኛው የሞላው (የስፕሪንጉ) ወገን ወደ ሞተሩ መዞር አለበት፤ ትንሽ የአየር መውጫ ካለው ደግሞ እርሷ ወደ ላይ ትሆናለች። ቴርሞስታት እንደ መኪናው ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት መከፈት ሲጀምር፣ የተገለበጠው ግን በሰዓቱ ስለማይከፈት ሞተሩ ይግላል፣ ግፊቱም በክዳኑ በኩል ፈሳሹን ይተፋዋል። እንዲህ ሲሆን ማኒኮቶ መቀያየር አያድንም። ለመኪናው የማይስማማ ወይም ላስቲኩ ያረጀ ክዳንም ተመሳሳይ መልክ ስለሚሰጥ በክዳኑ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከመኪናው መመሪያ ጋር ይመሳከር።

በራዲያተሩ በኩል የፕላስቲኩና የአሉሚኒየሙ መገናኛ እንዲሁም የታችኛው ማፍሰሻ ክዳን ይታያሉ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ብዙ መኪናዎች የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣቸው በራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ፣ በሪዘርቭ ታንኩ ውስጥ ዘይት ወይም በካምቢዮው ውስጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከታየ መኪናው መነሣት የለበትም።

በግፊት መፈተሽ

በዓይን ያልተገኘ ፍሳሽ የሚገኘው በግፊት መፈተሻ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲስተሙም ሞልቶ፣ መሣሪያው በክዳኑ ቦታ ይገጠምና በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ ይነፋል፤ ከዚያ በላይ መንፋት ደኅናውን ክፍል ያፈነዳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲጠበቅ መርፌው ካልወረደ ሲስተሙ በቅዝቃዜ ይዟል ማለት ነው፤ አንዳንዱ ፍሳሽ የሚገለጠው በሙቀት ስለሆነ ከጉዞ በኋላም መደገም አለበት። መርፌው እየወረደ በውጭ አንድም ጠብታ ካልታየ ፍለጋው ወደ ውስጥ ይዞራል። የፊት ተሳፋሪው ምንጣፍ መርጠቡና መስታወቱ በሚያሙለጨልጭ ጉም መሸፈኑ የካቢን ማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር ያመለክታል።

ቴስታታው ተከፍቶ ከነበረ ግን ጥርጣሬው በቅድሚያ የሚያርፈው በጓርኒሲዮኑ ላይ ነው። ከጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጢስ፣ በሪዘርቭ ታንኩ ውስጥ የማያባራ አረፋ፣ ሞተሩ ከተነሣ ገና በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ማኒኮቶ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የዘይት መሙያ ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት ነጭ ቅባት በአጫጭር ጉዞ ከሚፈጠር እርጥበትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ፍርዱ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ በሚታየው ይሁን። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሰማያዊ መመርመሪያ ፈሳሽ የያዘ ቱቦ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተደርጎ ከውስጥ የሚወጣው አየር ሲያልፍበት ወደ ቢጫ ከተለወጠ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ኩላንቱ እየገባ ነው። በዚህ ጊዜ ሊጠየቁ የሚገባቸው የቴስታታው ፊት ቀጥነት ተለክቶ እንደሆነ፣ ብሎኖቹ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በአምራቹ ቅደም ተከተል ጠብቀው እንደሆነና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉት የሚለጠጡ ብሎኖች ተቀይረው እንደሆነ ነው። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው የፊቱ መጣመም ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ በዓይን ብቻ ቀጥ ያለ ነው ማለት ልኬት አይደለም።

ወደ ጋራዡ መመለስ

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ሥራውን ለሠራው ጋራዥ ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው፤ ሌላ እጅ ከገባበት የመጀመሪያው ጋራዥ ኃላፊነቱን ለመቀበል ምክንያት ያጣል። ጥያቄው ግልጽና አክብሮት ያለው ይሁን፦ የግፊት ፍተሻው ባለቤቱ ባለበት እንዲደረግ፣ የፈሰሰበት ቦታ እንዲታይ፣ የሚወጣው ዕቃም እንዲመለስ። ለባለሙያውም መፍረድ አይቸኮልም። ደካማ ክዳን ወይም የሚያፈስ ራዲያተር ሲቀየር ሲስተሙ ወደ ሙሉ ግፊቱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ለዓመታት በዝቅተኛ ግፊት የቆየ አሮጌ ማኒኮቶ ሊፈነዳ ይችላል፣ ይህም የሥራ ስህተት አይደለም። ፍሳሹ ከተፈታ መጋጠሚያ ከሆነ ሥራው ነው፤ ከአዲሱ ዕቃ አካል ከሆነ ዕቃው ነው፤ እጅ ካልነካው ክፍል ከሆነ ግን አዲስ ብልሽት ነው። ጋራዡ ካልተስማማ፣ ሌላ ባለሙያ ምንም ሳይፈታ ፈትሾ ያገኘውን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ ይሻላል።

መፍትሔ ተብሎ ፍሳሽ የሚደፍን ፈሳሽ ወይም ዱቄት ቢቀርብ አለመቀበል ይገባል። የተሳሳተ መጋጠሚያን አያርምም፤ ይልቁንም ደኅናውን የማሞቂያ መተላለፊያ ይዘጋል።

እርማቱ ካለቀ በኋላ የሚሞላው ኩላንት በመኪናው መመሪያ የታዘዘው ዓይነት ይሁን። ቀለም አስተማማኝ መለያ አይደለም፤ አንድ ቀለም ያላቸው ሁለት ኩላንቶች ቅመማቸው ሊለያይ ይችላል፣ የማይስማሙት ሲደባለቁም ዝገት የመከላከል አቅማቸው ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ዝቃጭ ይፈጥራሉ። ያልተበረዘ ከሆነ ከዲስቲልድ ውሃ ጋር እኩል ይደባለቃል፤ የቧንቧ ውሃ የያዘው ማዕድን በራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራልና አይመከርም። ሲሞላ የካቢን ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለም ከእርሱ አረፋ የሌለው ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ በዝግታ ይፈስሳል። ሞተሩ ሞቆ ቬንቲሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) እስኪነሣ ይጠበቃል። ከማሞቂያው ትኩስ አየር አለመምጣቱ ውስጥ አየር እንደቀረ ያሳያል።

በቀጣዩ ሳምንት ደረጃው ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በታንኩ ላይ ካለው ምልክት ጋር ይታይ፤ ካርቶኑም ከሥር ይዘርጋ። በሥራው ወቅት የተራገፈው አሮጌ ኩላንት መሬት ላይ ወይም ወደ ፍሳሽ ቦይ አይደፋ። ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ፣ ምንነቱ ተጽፎበት፣ ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጥና የተቃጠለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ወይም የቆሻሻ ማሰባሰቢያ ይሰጥ። የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ግን ለዚህ ፈጽሞ አይዋል።