ውሻን ከደረቅ ምግብ ወደ ጥሬ ሥጋ ስለ ማሸጋገር

በደረቅ ምግብ ያደገን ውሻ ወደ ጥሬ ሥጋ ለማሸጋገር የሚያስብ ሰው፣ ሥጋ ብቻውን የተሟላ ምግብ አለመሆኑን አስቀድሞ ሊረዳ ይገባል። ጥሩ ደረቅ ምግብ ካልሲየሙም ሆነ ቪታሚኑ ተመጥኖ የገባበት ነው፤ ቀይ ሥጋ ግን ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ለወራት ሥጋ ብቻ የበላ ቡችላ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ እየሳበ እግሩ ሊጎብጥና በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በማደግ ላይ ላለ፣ ለእርጉዝ ወይም ለታመመ ውሻ ይህን ለውጥ ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር መጀመር አይገባም። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ባለበት ቤትም ባይሞከር ይሻላል፤ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ሳልሞኔላን በመሳሰሉ ጀርሞች ምክንያት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሾችን ጥሬ ሥጋ መመገብን አይደግፍም።

ለጤነኛ ጎልማሳ ውሻ የቀን ድርሻው ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 500 ግራም ቢሰጠው፣ 400 ግራሙ ስቡ የተነሣለት ቀይ ሥጋና ልብ፣ 50 ግራሙ እንደ ዶሮ አንገት ያለ በቀላሉ የሚታኘክ አጥንት፣ ቀሪው እኩል በእኩል ጉበትና ኩላሊት ይሁን። ጉበት ከዚህ ሲበዛ ቪታሚን ኤ በሰውነቱ ተከማችቶ ይጎዳዋል። የበሬ ቅልጥም ጥርስ ይሰብራል፤ የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ተሰነጣጥቆ አንጀት ሊበሳ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። አጥንት ካልተገኘ፣ የታጠበና የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት እንደ ዱቄት ልሞ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨመርበታል።

ሽግግሩ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከደረቁ ምግብ ሩቡ ተቀንሶ በሥጋ ይተካል፤ ከዚያ ግማሹ፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛው፣ በመጨረሻም ሁሉም። ዓይነ ምድሩ ከቀጠነ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሶ መቆየት ነው፤ ነጭና ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንቱ በዝቷል ማለት ነው። ትውከት ወይም ደም ከታየ ግን ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

በአገራችን ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የትሉ ጉዳይ ነው። በበግ፣ በከብትና በግመል ሳምባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይገኛሉ። እነዚህ ኤኪኖኮከስ የሚባል ጥገኛ ትል እጮችን የያዙ ሲሆኑ፣ ውሻ ጥሬውን ሲበላቸው በአንጀቱ ውስጥ ወደ ትልነት ያድጋሉ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላም እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ያ እንቁላል በውሻው ፀጉር ወይም ባልታጠበ እጅ በኩል ወደ ሰው ሆድ ከገባ፣ ተመሳሳዩን ከረጢት በሰው ጉበት ላይ ያበቅላል፤ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ቆይቶም ለቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በግቢ የታረደ በግ ሳምባ ለውሻ አይወርወር፤ ከረጢት የታየበት የሆድ ዕቃ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ይቀበር። ጉበትና ኩላሊት በምርመራ ካለፈ የቄራ እርድ ተገዝተው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቀቀሉ። አመጋገቡ ጥሬ ይባል እንጂ በዚህ ላይ መደራደር አይገባም። ቀዩ ሥጋ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ10 ቀናት ይቀመጥ፤ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋና ሥጋው ከላላ ይህ ቆጠራ አይያዝም። ብርዱ የሥጋ ውስጥ እጭን ቢገድልም ሳልሞኔላን አያጠፋም፤ ስለዚህ መክተፊያው፣ ቢላዋውና ሳህኑ ለውሻው ብቻ ይለዩ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ ስለ መስጠት ሐኪሙን ማማከር ያስፈልጋል፤ ትሉ እንቁላል መጣል ከመጀመሩ በፊት የሚያስወግደው እርሱ ነውና።

በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ስለሚዘጉ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የሚበቃው ሥጋ በየቀኑ ድርሻ ተመዝኖና ታሽጎ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ቦታ ካልበቃ በየመካከሉ ሥጋ እያቋረጡ ሆዱን ከማወክ፣ ውሻውን ቀስ በቀስ ወደ ደረቁ ምግብ መልሶ ከፋሲካ በኋላ ሽግግሩን እንደገና መጀመር ይሻላል።