የካንተርበሪ ካቴድራልን መስኮቶች እንዴት እናንብብ?

በእንግሊዝ የሚገኘው የካንተርበሪ ካቴድራል (ትልቅ ቤተ ክርስቲያን) መስኮቶች በባለቀለም መስታወት ሥዕሎች የተሞሉ ናቸው። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ካንተርበሪ ዌስት ጣቢያ ያደርሳል፤ ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የዕለቱን ፕሮግራም ቀድሞ በድረ ገጹ ማየት ይሻላል፤ አገልግሎት ካለ የተወሰነው ክፍል ለጎብኚ ይዘጋል። ጉብኝት በትኬት ነው፤ ለጸሎት የሚገባ አይከፍልም።

ባይኖኩላር ይያዙ። 8 እጥፍ የሚያቀርበው ይበቃል፤ 12 እጥፉ ትርፉ ድካም ነው፣ እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሥዕሉ ይጨፍራል። ስልክ አይተካውም። ካሜራው የግድግዳውን ጨለማ ሊያካክስ ብርሃን ስለሚጨምር መስታወቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፎቶ የፈለገ በስልኩ ስክሪን ላይ የሚታየውን መስኮት በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ይቀንስ። በምድር ቤቱ ግን ፎቶ ክልክል ነው።

በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ መቃብሩንና ድንጋዩን ለኋላ ትቶ መስኮቱን ማስቀደም ነው።

ከገቡ በኋላ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይቁሙ። ሰፊው አዳራሽ እ.ኤ.አ. ከ1377 እስከ 1405 የተሠራ ነው፤ ዞር ብለው የምዕራቡን ትልቅ መስኮት ይዩ። በታችኛው ረድፍ አዳም ቆዳ አገልድሞ በአካፋ መሬት ይቆፍራል። 1176 አካባቢ የተሠራ፣ በእንግሊዝ ካሉት ጥንታዊ የመስታወት ሥዕሎች አንዱ ነው። ብዙ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ያልፋል።

አሁን ወደ ከባዱ። መሠዊያውን ፊት ለፊት ሲያዩ በግራ፣ መዘምራኑ ከሚቆሙበት (ቅኔ ማኅሌት ልንለው እንችላለን) በስተሰሜን ባለው መተላለፊያ የመጽሐፍ ቅዱስ መስኮቶች አሉ። በአንድ ወቅት 12 ነበሩ፤ የተረፈው በአብዛኛው በሁለት መስኮት ተሰብስቧል። ሰሜን ስለሆነ ፀሐይ በቀጥታ አይመታቸውም፣ ቀኑን ሙሉ እኩል ይታያሉ።

የብዙው ሰው ስህተት እንደ ተከታታይ ታሪክ ከሥዕል ወደ ሥዕል መሄድ ነው። ሁለት ሥዕል ሳያልፍ ይጠፋበታል፣ ምክንያቱም አደራደሩ ምሳሌና አማናዊ ነው። መሃል ላይ ያለው ከሐዲስ ኪዳን ነው፣ በግራና በቀኝ ያሉት በአብዛኛው ከብሉይ የመጡ ምሳሌዎቹ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መሃሉን ይለዩ፣ ከዚያ ጎኖቹን «ይህ ለዚያ ምሳሌ የሆነው በምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

አንዱን እንየው። መሃል ላይ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ይሰግዳሉ። በአንድ ጎን ንግሥተ ሳባ ሰሎሞን ፊት ቀርባለች፤ በሌላው ለዮሴፍ ይሰገዳል። ሦስቱንም የሚያስተሳስረው ከሩቅ መጥቶ ለንጉሥ ወይም ለገዥ መስገድና እጅ መንሻ ማቅረብ ነው። በዙሪያው ያለው የላቲን ጽሑፍም ይህንኑ ያብራራል፤ ላቲን የማያውቅ ግን አንድምታ ከሰማ ብዙም አይቸገርም።

ደረጃውን ወጥተው ከመሠዊያው ጀርባ ሲደርሱ ወለሉ ላይ አንድ ሻማ ይበራል። በ1170 እዚሁ ካቴድራል ውስጥ የተገደለው የሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት አጽም ከ1220 እስከ 1538 ያረፈው እዚያ ነበር። ዙሪያውን ያሉት መስኮቶች ተአምራቱን ይተርካሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ ይነበባሉ። ቅደም ተከተሉ ካልገጠመ አይደናገጡ፤ በጥገና ወቅት ቦታቸው የተለዋወጠ አሉ።

አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት ቢጫውን መመልከት ይጠቅማል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የተቆረጠ መስታወት ነው፣ በመሃላቸው የሚያያይዛቸው የእርሳስ ብረት ያልፋል። ነጭ ፊትና ቢጫ ፀጉር ያለ እርሳስ በአንድ ቁራጭ ላይ ከተገኙ ከ1300 በኋላ የመጣው፣ መስታወቱን ቢጫ የሚያደርገው ከብር ማዕድን የተሠራ ቀለም ነው።

ሲመሽ ቀዩ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ይቆያል። የማታውን የመዝሙር ጸሎት ለመስማት የሚቆይ ሰው፣ ሰዓቱ ከምሽቱ ጋር ከገጠመ፣ ይህን ከተቀመጠበት ሊያየው ይችላል።